ማሽኑ የማያነበው ዓምድ፦ ከአዲስ አበባ ወረታ ደርሶ መልስ

ይህን የምጽፈው ከመሥሪያ ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ፣ ማሽኑ ከሚኖርበት ቀዝቃዛ ክፍል፣ ወጥታችሁ ለማታውቁ ባልደረቦቼ ነው። ወረታን የምታውቋት በቁጥር ነው፤ መጋዘን ሃያ ሰባት። እኔም እስካለፈው መስከረም ድረስ ከዚያ የተለየ እውቀት አልነበረኝም። አሁን ግን አንድ ጥንድ ጫማዬ እዚያ ተቀብሮ ቀርቷል፤ አብዮቱ ርስትን ባያስቀር ኖሮ ፎገራ ላይ ርስት አለኝ እል ነበር።

ጉዳዩን ላስታውሳችሁ። መሥሪያ ቤታችን ለገበሬዎች ዘር ያከፋፍላል። ኮምፒዩተሩ ከባሕር ማዶ ከመጣ ወዲህ ደግሞ «አዲሱ የሥራ አመራር ሥርዓት» የሚባል ነገር አለን። እያንዳንዱ ገበሬ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቁጥሩ ዘር የሚወስድበትን ቀን ይወስንለታል፣ በቀኑ ያልመጣ ይሰረዛል። ወረታ ላይ ከአምስቱ የማከፋፈያ ቀኖች ሦስቱ አለፉና አንድም ገበሬ ብቅ አላለም። ማሽናችን ጠርዙ በተበሳሳው ረጅም ወረቀቱ ላይ ዜሮ በዜሮ አድርጎ አወጣው፤ እኛም «ፍላጎት የለም» ብለን ተረጎምነው። አለቃችን መጋዘኑን አሳሸጉ። በውስጡ ያለው የዘር ሽምብራ ሰኞ መስከረም ሃያ አምስት የጭነት መኪና መጥቶ ፍላጎት ወዳለበት አገር እንዲወስደው ታዘዘ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሰው ሄዶ ሥርዓቱ ለምን እንዳልተሳካ ያጣራ፣ ከቻለም በሥርዓቱ መሠረት ያከፋፍል ተባለ። የቀኖቹን ሠንጠረዥ ያወጣሁት እኔ ነኝና እኔ ተላክሁ።

ሰኞ፣ መስከረም 18። የደመራው አመድ ገና ከየመንገዱ አልተጠረገም። ባለቤቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ ቆሎ፣ የይለፍ ወረቀቴን፣ አንድ ካርቶን ቅጽና ወፍራሙን የኮድ መጽሐፍ ይዤ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። እኔ የጉለሌ ልጅ ነኝ፤ ከከተማ መውጣት አልለመድኩም። ጫንጮን ሳናልፍ ዳቦ ቆሎውን ጨረስኩት።

ዓባይ በረሃ ከመውረዳችን በፊት ያለው ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተሰለፍን። ወታደሩ ካርቶኔን ፈታና ወፍራሙን መጽሐፍ አነሣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የኮድ መጽሐፍ ነው» አልኩ። ኧረ ምላሴን በቆረጠው! በዚህ ዘመን፣ በዚያ ቦታ፣ የታጠቀ ሰው ፊት ቆሞ እንዲህ የሚል ከእኔ በቀር ማን አለ? ከጎኔ የነበሩት ሴትዮ ፈቀቅ አሉ፤ ከእኔ ጋር እንዳልመጡ ለማሳየት መሰለኝ።

«የምን ምስጢር ነው?»

«ምስጢር አይደለም ጓድ፣ የእህል ነው። ይኸው ለምሳሌ 0417 ማለት ሽምብራ ማለት ነው።»

ወታደሩ መጽሐፉን አገላበጠው። ጤፍ ቁጥር፣ ጓያ ቁጥር፣ ኑግ ቁጥር። ከዚያ ቀና ብሎ ከልቡ ግራ ገብቶት ጠየቀኝ፤ «ሽምብራን ከማን ነው የምትደብቁት?»

የይለፍ ወረቀቴን ዘረጋሁለት። ማኅተሙን አይቶ ለቀቀኝ። ሴትዮዋ ግን እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሱኝም። እዚያ አደርን፤ የአልጋው ቁንጫ ግን አላደረም፣ ሲሠራ ነው የነጋው።

ማክሰኞ፣ መስከረም 19። ዳንግላን አልፈን ጎማችን ፈነዳ። እኛ ሰፈር አውቶቡስ ሲበላሽ ተሳፋሪው ሹፌሩን ይሰድባል፣ ሹፌሩ ረዳቱን፣ ረዳቱ ጎማውን። እዚያ ግን ከማሳው ማዶ ሰዎች በቆሎ እሸት ጠብሰው ይዘው መጡ። ማንም አልጠራቸውም። አንዱ ሽማግሌ እሸቱን አስጨብጠውኝ «እንግዳ በመንገድ ሲቆም ያሳፍራል» አሉኝ። እኔ አሥር ዓመት በአውቶቡስ ስመላለስ እንዲህ ዓይነት እፍረት ያለው ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ባሕር ዳር ስንገባ መሽቶ ነበር፤ ዓሣ በላሁ፣ ከባለቤቴ ሽሮ አይበልጥም። ይህን የምለው ይህን ጽሑፍ ስለምታነበው ነው።

ረቡዕ፣ መስከረም 20። ከባሕር ዳር ወረታ በጭነት መኪና ሄድኩ። ሐሙሲት ላይ የአንበሳሜ ሰዎች ወረዱ። ወንዛዬ ፍል ውሃ ለወገባቸው የሚሄዱ አንዲት እናት ግን ከጎኔ ቆዩና ፊቴን አጥንተው ሲያበቁ «ልጄ፣ አንተም ብትነከር ይሻልህ ነበር» አሉኝ። ምኔን እንዳመመኝ ግን አልነገሩኝም።

የጉማራን ድልድይ ስንሻገር ፎገራ ብቅ አለ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? መሬቱ እንደ ገበታ የተዘረጋ ነው፤ ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ ጥቁር ጭቃ። ላሞቹ ሆዳቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው ሣር ይግጣሉ፣ ግድም የላቸው። እኛ ሰፈር አንድ ቱቦ ቢሞላ ቀበሌው አስቸኳይ ስብሰባ ይጠራል።

መጋዘኑ ከከተማዋ ዳር ነው። በሩ ላይ የእኛ ማኅተም በሰም ተለጥፏል። ከበሩ ፊት ነጭ ሻሽ የጠመጠሙ፣ ብርዕ ጆሯቸው ላይ የሰኩ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። በእኛ መዝገብ «ጓድ ጥበቡ፣ መጋዘን ጠባቂ» ይባላሉ። ወረታ ውስጥ ግን ጓድ ጥበቡ ብዬ ብጠይቅ ማንም አላወቃቸውም፤ የከተማዋን ግማሽ ፊደል ያስቆጠሩ የቤተ ክህነት ሰው ናቸውና የኔታ ነው የሚሏቸው።

ተነሥተው እጅ ነሡኝ። እኔም ጎንበስ አልኩ። ገና ሳልቀመጥ ግን ሥራዬን ጀመርኩ።

«የኔታ፣ ሥርዓቱን ለምን አልተቀበሉትም?»

«እኔ?» አሉ። ሄደው አንድ ጥራዝ አመጡ፤ የላኩልን ካርዶች ግልባጭ ነበር። እውነቱን እንናገር፣ እንደሱ ያለ አሞላል በዘመኔ አላየሁም። ቁጥሩ ሁሉ በሳጥኑ ውስጥ፣ አንድ ስርዝ የለ፣ አንድ ድልዝ የለ። እንደ ብራና ጽሑፍ ነው የጻፉት። በእያንዳንዱ ካርድ መጨረሻ ደግሞ «አስተያየት» በሚለው ዓምድ ላይ አንድ አንድ መስመር አለ። የመስከረም አምስቱ ላይ፦ «አቦ ነው።» የአሥራ ሁለቱ ላይ፦ «ሚካኤል ነው፤ ቀኑ ይለወጥልን።» የአሥራ ስድስቱ ላይ፦ «ኪዳነ ምሕረት ናት፤ ስለ እግዚአብሔር፣ ጭቃው እየደረቀ ነው።»

የቀሩትን ሁለት ቀኖች በልቤ ቆጠርኩ። ሃያ አንድ፣ ማርያም። ሃያ ሦስት፣ ጊዮርጊስ።

ባልደረቦቼ፣ ሠንጠረዡን እንዴት እንዳወጣሁት ታስታውሳላችሁ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የውይይት ክበብ አለብን። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ቀሩ። ከነዚያም ሌሎች መጋዘኖች የወሰዱት ወጣና አምስት ቀን ተረፈ። የግድግዳችን ካሌንደር ላይ ደግሞ በየወሩ ትራክተር አለ እንጂ አንድም ቅዱስ የለም። እናቴ የሚካኤል ጽዋ አላት፤ አንድም ወር አጓድላ አታውቅም። አጠገቤ ብትሆን ኖሮ አሥራ ሁለትን ስጽፍ በጥፊ ትለኝ ነበር።

«በበዓል አይመጡም ማለት ነው?» አልኩ፣ የሞተ ድምፅ ይዤ።

«በበዓል አህያ አይጫንም ልጄ። እህል ደግሞ በሰው ጀርባ ጉማራን አይሻገርም። ሦስት ጊዜ ጻፍኩላችሁ። ማሽናችሁ አላነበበውም?»

«ማሽኑ አስተያየት አያነብም የኔታ። ካርድ የሚበሱት ልጆች እዚያ ዓምድ ሲደርሱ ያቆማሉ። ቦታ ስለሌለው እንዲያቆሙ ተነግሯቸዋል።»

ማን እንደነገራቸው አላወራሁም። የኔታ አዩኝና «ታዲያ ለምን ጠየቀ?» አሉ።



ይህን እያወራን አንድ ገበሬ ዱላቸውን ተመርኩዘው መጡ። አያ ቢራራ ይባላሉ፤ ከጉማራ ማዶ ናቸው። ዘር ፍለጋ ሲመላለሱ ይህ አራተኛቸው ነው፤ አንዱ መንገድ ብቻ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ፍላጎት የለም ያልናቸው ሰው መሆናቸው ነው።

«እርስዎ ኖት ከአዲስ አበባ የመጡት? ጭቃዬ መሰንጠቅ ጀምሯል ጌታዬ። ዘንድሮ ሌላ ዘር የለኝም፤ ዓምና ጎርፉ ጠርጎታል። የማበላቸው ሰባት ነፍስ አሉ።»

«የእርስዎ ቁጥር ሃያ ሦስት ላይ ነው የሚውለው» አልኩ፤ ዝርዝሩን ዘረጋሁት።

«አህያው የአጎቴ ልጅ ንብረት ነው። የሱስ?»

አየሁ። «አምስት ላይ ነበር። ተሰርዟል።»

«ታንኳው የጎረቤቴ ነው። የሱስ?»

«አሥራ ስድስት። እሱም ተሰርዟል።»

«እንግዲህ» አሉ አያ ቢራራ፣ ሳይቆጡ፣ «እኔን ከአህያዬና ከታንኳዬ የለየ ሰው፣ ሽምብራውን በምን ሊያደርስልኝ አስቦ ነው?»

ጭቃ ምን ያህል ጊዜ እንደሚጠብቅ አልገባኝም ብል «ይምጡና ይዩት» ብለው ወደ ሜዳው ወሰዱኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጎርፉ ሲሸሽ መሬቱ ለጥቂት ቀን ለስልሶ ይቆያል፣ ሽምብራው በዚያ ርጥበት ይዘራል፣ ከተሰነጠቀ በኋላ በሬም አይፈታው። አያ ቢራራ ጣታቸውን ወደ መሬቱ ሰደዱና «ቢበዛ እስከ ማክሰኞ» አሉ። እኔም በቅርብ ለማየት አንድ እርምጃ ገባሁ። ቀኝ ጫማዬ ሄደ። እሱን ላወጣ ስል ግራው ሄደ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ብንፈልግ፣ ብንቆፍር፣ ውሃ በላው! የኢጣልያ ቆዳ ነበር።

በባዶ እግሬ ስልክ ቤት ሄጄ አዲስ አበባ ደወልኩ። መስመሩ ይንጫጫል። «ቀኖቹ በዓል ላይ ውለዋል! ዓርብ ላከፋፍል ይፈቀድልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ስልክ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አብሮኝ የሚጮህ ይመስል ነበር። አለቃችን ግን አንድ ነገር ብቻ መለሱልኝ፤ «ሥርዓቱ አይነካ! ሥርዓቱ…» ብለው መስመሩ ተቆረጠ።

ያረፍኩት ወይዘሮ ዘውድነሽ ዘንድ ነው፤ አልጋ የሚያከራዩ ባልቴት ናቸው። ባዶ እግሬን አይተው አልሳቁም፤ ውሃ አሙቀው አስታጠቡኝ። ከሣጥን ውስጥም የሟች ባላቸውን በረባሶ አወጡልኝ፣ ከጎማ የተሠራ፣ ሁለት ቁጥር የሚበልጠኝ። የጾም ምሳ ብለው የሱፍ ፍትፍት ከዳጉሳ እንጀራ ጋር አቀረቡልኝ፤ ሰው ስንት አልጋ ከነቁንጫው ቢያሳልፍም ዘውድነሽ ቤት ሲደርስ ይረሳዋል። «ጫማህን መሬቱ ወደደው፤ ትመለሳለህ ማለት ነው» አሉኝ። ኧረ በስመአብ፣ አልኩ በሆዴ።

ሐሙስ፣ መስከረም 21። ማርያም። ሥርዓቱ እንደሚለው ዛሬ አራተኛው የማከፋፈያ ቀን ነው። መጋዘኑ በር ላይ ለይስሙላ ቆምኩ። አንዲት ጥጃ መጣች፣ አሸተተችኝ፣ ሄደች። ከዚያ የኔታ ነጠላቸውን ተጣፍተው መጥተው «ና እንሂድ፤ የምትፈልጋቸው ሰዎች ሁሉ እዚያ ናቸው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ከየደብሩ ሰው መጥቷል፤ ከጉማራ ማዶም፣ ከይፋግ መንገድም። ቅዳሴው ሲያልቅ ደጀ ሰላም ገብተን ጠላና ዳቦ ቀረበ። የየደብሩ የጽዋ ማኅበር መሪ፣ ሙሴ የሚሉት፣ በየቦታው ተቀምጧል። የኔታ ስለ ዘሩ ጉዳይ አነሡ። እኔ አጠገባቸው ሆኜ ማስታወሻ ያዝኩ፤ ግን እጄ ሊደርስባቸው አልቻለም። አንዱ ሙሴ የማን አህያ እንደወለደች ያውቃል። ሌላው የማን ጭቃ ቀድሞ እንደሚደርቅ፣ ማን ታሞ እንደተኛና ዘሩን ማን ሊሸከምለት እንደሚችል። እኛ ለዚህ እውቀት ስንት ካርድ ስንበሳ ከረምን፣ አንዱንም አላገኘነው!

«በደብር በደብር ይምጡ» አሉ የኔታ። «ነገ ዓርብ ነው፤ በዓል የለም። አህያም ታንኳም በአንድ ላይ ነው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አያ ቢራራም በዚያ አሉ፤ ዓይናቸው ከእኔ ላይ አልተነሣም። እኔ ምን ልበል? የመጋዘኑ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው፤ «ሥርዓቱ አይነካ» ጆሮዬ ውስጥ ነው። ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው፤ በዚህ ዘመን የሥርዓት መጣስ ክስ የት እንደሚያደርስ ታውቃላችሁ። ፈራሁ፤ አልዋሽም። «መመሪያውን ልይ» ብዬ ወጣሁ፤ አንድ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩና የሥርዓቱን መመሪያ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ዕቅዴ እስኪበተኑ ድረስ ማንበብ ነበር።

ቅጻችን ላይ ዘጠነኛው ሳጥን «ቡድን» ይላል። ምን እንደሆነ ማንኛችንም አናውቅም ነበር፤ ቅጹን የነደፈው ፈረንጅ ሳያስረዳን አገሩ ገባ፣ እኛም ለመጋዘኖች ሁሉ «ዜሮ ሙሉበት» ብለን አስተላለፍን። እዚያ ዛፍ ሥር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የመመሪያውን መጨረሻ አነበብኩ። እንዲህ ይላል፦ ተቀባዮች አብረው የሚጓጓዙ ከሆነ በቡድን ይመዘገባሉ፤ ቡድን በተሞላበት ካርድ ቀኑን የሚወስነው መጋዘኑ ነው።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መልሱ ዓመት ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ ላዩ ላይ ሻይ አስቀምጥበት ነበር። እየሮጥኩ ተመለስኩ፤ አንዱ በረባሶ ወልቆ ቀረ፣ አልዞርኩለትም።

«ነገ!» አልኩ። «በደብር በደብር! ማሽኑ ፈቅዷል!»

«ማሽኑ?» አሉ የኔታ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ወይስ አንተ አነበብከው?»

እኔ በቢሮዬ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወረቀት ለጥፌ ሰው እስኪያነበው ወር እጠብቃለሁ። እዚያ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ግቢ ነበርና ወሬው ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ የመጨረሻው ጎጆ ድረስ ደረሰ። ሠንጠረዤን ያበላሸው የበዓል ቀን ነው ሥራውን የሠራው።

ዓርብ፣ መስከረም 22። ማኅተሙን ሰበርኩት። ከበሩ ፊት አህዮች በየደብራቸው ተሰልፈዋል። ሙሴው ስም ይጠራል፣ የኔታ ካርዱን ይሞላሉ፣ እኔ ዘጠነኛው ሳጥን ላይ ለደብሩ የሰጠሁትን ቁጥር እጽፋለሁ። አንድ ሰው አልተጋፋ፣ አንድ ሰው አልጮኸ። እኛ ሰፈር ስኳር በሚታደልበት ቀን የሚሰበረውን እጅና እግር አስቤ ቀናሁ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ደብር ጨርሶ ሄደ፤ የጉማራ ማዶዎቹ ብቻ ቀሩ። ዘጠኝ ሆነ፣ የሉም። አሥር ሆነ፣ የሉም። ሌሊቱን ደጋ ላይ ዘንቦ ወንዙ መሙላቱን ሰማን። ነገ ጊዮርጊስ ነው፣ ከነገ ወዲያ እሑድ፣ ሰኞ መኪናው ይመጣል። ጥግ ላይ የቀረውን የእነሱን ሽምብራ እያየሁ ወዲያ ወዲህ አልኩ። አያ ቢራራን ከአህያቸው የለየሁ እኔ ነኝ፤ ሰባት ነፍስ የሚያበሉ ሰው! ሳላስበው «እመቤቴ ማርያም» አልኩ፤ የውይይት ክበባችን ሊቀ መንበር ይህን እንዳያነብብኝ።

«ዝጋው ይላል ሥርዓቱ?» አሉኝ የኔታ።

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዝጋ ይላል።»

«የኔ ሰዓት ከቆመች ቆይታለች» አሉ። እኔም የራሴን ሰዓት ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ መጡ። ደረታቸው ድረስ ረጥበዋል፤ አህዮቹም ጭምር። ታንኳዋ እየተመላለሰች አሻግራቸዋለች። አያ ቢራራ ከፊት ናቸው። ጆንያውን ስናሸክማቸው እኔም አንዱን ጫፍ ያዝኩ፤ ሽምብራ እንደዚያ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር፤ ቢሮ ውስጥ አራት አኃዝ ብቻ ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። «እኔስ ዘንድሮ ተስፋ ቆርጬ ነበር።»

ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ከአህዮቹ አቧራ ነው እንዳልል ሁሉም ነገር ርጥብ ነው።

ቅዳሜ እስከ ሰኞ። ጊዮርጊስንና እሑድን ወይዘሮ ዘውድነሽ ቤት እርጎ እየጠጣሁ አሳለፍኩ። የፎገራን እርጎ ከቀመስኩ በኋላ የሰፈሬ ወተት ሻጭ ምን ሲሸጥልኝ እንደኖረ ገባኝ። ሰኞ ማለዳ የጭነት መኪናው መጣ። ሹፌሩ ባዶውን መጋዘን ዞሮ ዞሮ አይቶ «ሽምብራው የታለ?» አለ። የኔታ ቅጽ አውጥተው ሞሉለት፤ መጠን፦ ባዶ። አስተያየት፦ «እየተዘራ ነው።» ሹፌሩ ባዶ መኪና ይዞ ወደ ባሕር ዳር ሲመለስ እኔን ጭኖኝ ሄደ፤ ፍላጎት የነበረው ጭነት እኔ ብቻ ሆንኩ።

አዲስ አበባ ይዣቸው የገባሁትን ካርዶች ማሽኑ ሁሉንም ተቀበላቸው። መጋዘን ሃያ ሰባት ከሁሉም አንደኛ ወጣ። አለቃችን ስብሰባ ጠርተው «ሥርዓቱ ለምን ተሳካ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ሪፖርት በቅጽ አቀረብኩ። በተሰጡት ሳጥኖች ውስጥ ሳይንሳዊ ዕቅድ፣ የአመራር ብቃት፣ የማሽኑ ፍጥነት እያልኩ ሞላሁ፤ ሌላ ሳጥን አልነበረማ። ከታች ባለችው ጠባብ ዓምድ ላይ ግን በትንንሽ ፊደል እንዲህ ጻፍኩ፦ «የተሳካው የኔታ ጥበቡን ስለጠየቅናቸው ነው። ያልተሳካው ሠንጠረዡን እኔ ስላወጣሁት ነው።» ማንም ስለዚህ ነገር አላነሣብኝም። የምስጋና ወረቀቱ ተጻፈና እናንተ እንደምታዩት በማሽኑ ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ልክ ከማሽኑ በላይ፣ ተሰቀለ።

ታኅሣሥ መገባደጃ ላይ አንድ ሹፌር ጠረጴዛዬ ላይ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ጣለ። ብፈታው የሽምብራ እሸት ነው፣ ከነቅጠሉ፣ ከነሥሩ፤ ሥሩ ላይ ያን ጥቁር ጭቃ ይዞ። ከላዩ አንድ ካርድ ታስሯል። ጽሕፈቱን ከሩቅ ነው ያወቅኩት፤ ስርዝ የለ፣ ድልዝ የለ። የዕቃው ቁጥር፦ 0417። መጠን፦ አንድ እስር። ላኪ፦ ቢራራ፣ ከጉማራ ማዶ። ቡድን፦ የደብሩ ቁጥር በቦታው። ተቀባይ የሚለው ሳጥን ባዶ ነው።

አስተያየት በሚለው ዓምድ ላይ ደግሞ፦ «ይህን የሚያነብ ሰው ካለ፣ እሱ ይቅመስ።»

ተቀባይ በሚለው ላይ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ከዚያ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ አንዱን ፈልፍዬ ቀመስኩ።